ግማሽ ሰዓት የሚቀድመው የንጉሡ ሰዓት

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት ፈርነስ ሥር ተቀምጬ ነው። ሰው ስለ ልጅነቱ ሲያወራ ፍሙን፣ ኩራዙን፣ የአያቱን ጋቢ ያነሳል፤ እኔ ምን አባቴ ላንሳ? ካልጋሪ፣ ማርልቦሮ የሚባል ሰፈር በተከራየነው አሮጌ ቤት ምድር ቤት፣ ቤዝመንቱ ውስጥ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን፣ ቤቱን የሚያሞቅ ግራጫ የቆርቆሮ ሳጥን ቆሞ ነበር። ግርርር ብሎ ሲነሳ ከታች ባለው ስንጥቅ በኩል ሰማያዊ ነበልባል ይታያል። የኔ እሳት ዳር እሱ ነው። ጭስም ነበረን፤ ጋሼ ክፍሎም የፖም ልጣጭ ሂተር ላይ ያሰጡ ስለነበር ልጣጩ እየተጨማደደ ቤቱን ሁሉ በጣፋጭ ሽታ ይሞላዋል፤ አንዳንዴም ያርርና የጭስ አላርሙን ያስጮኸዋል። ያኔ እሳቸው ፎጣ ያራግባሉ፣ እኔ ወንበር ላይ ወጥቼ በመጥረጊያ እንጨት አላርሙን እጠቀጥቃለሁ፣ ሁለታችንም በሳቅ እንሞታለን።

ጋሼ ክፍሎም ቤዝመንቱን ተከራይተው ለብቻቸው የሚኖሩ የአስመራ ሰው ነበሩ። እኛ ላይ እንኖራለን። እናቴ ሆስፒታል ታጸዳለች፤ ሺፍቷ ልክ እኔ ከትምህርት ቤት በምወጣበት ሰዓት ይጀምራል። አባቴ ሩቅ ከተማ፣ ፎርት ማክመሪ፣ ይሠራ ስለነበር በሦስት ሳምንት አንዴ መጥቶ ሁለት ቀን ተኝቶ ይሄዳል። ስለዚህ እናቴ አንድ ቀን ቤዝመንቱን አንኳኩታ «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይቺን ልጅ እስከ እራት ሰዓት ድረስ ዓይንዎ ባይለያት» አለቻቸው። እሳቸውም «ዓይን ብቻ? ጆሮዋን ከሰጠችኝ እኔ ይበቃኛል» አሏት። በዚያው ቀረሁ። ስድስት ዓመቴ ነበር።

ቀጭንና ረጅም ነበሩ፤ ቤት ውስጥም ሹራባቸውን እስከ አንገታቸው ይቆልፋሉ። ጠዋት ጠዋት አንድ የገበያ አዳራሽ ፓርኪንግ ላይ በረዶ ይዝቃሉ፤ ከሰዓት በኋላ ቤት ናቸው። አማርኛቸው የመጽሐፍ አማርኛ ነበር፣ ቃል አይበሉም። እኔ «ጋሼ፣ ሆምወርኬን ፊኒሽ አድርጌያለሁ» ስላቸው ቢላቸውን ያስቀምጡና «ምን አደረግሽ?» ይሉኛል።

«ሆምወርኬን ፊኒሽ...»

«ምን አደረግሽ?»

«የቤት ሥራዬን ጨረስኩ።»

«እንዲያ በይ!» ይሉና ቢላቸውን ያነሳሉ። አፕል ማለት አይፈቀድም፣ ፖም ነው። አንድ ቀን እሳቸው የትግርኛ ሰው ሆነው ለምን አማርኛ ላይ እንዲህ እንደሚጨክኑብኝ ጠየቅኳቸው። «ጓለይ» አሉኝ፤ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው፣ ሌላ ስም ጠርተውኝ አያውቁም። «እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ አማርኛን ወድጄ አልተማርኩትም። መምህሩ በአለንጋ ነው ያስገባልኝ። አንቺ ግን በፖም ትማሪያለሽ፣ ምን ጎደለብሽ?»

እውነትም በፖም ነው የተማርኩት። ካልጋሪ በብርዱ ወራት አሥር ሰዓት ተኩል ሲል ይጨልማል፤ በቤዝመንቷ ትንሽ መስኮት በረዶው ሰማያዊ መስሎ ሲታይ፣ ጋሼ አምፖሉን አጥፍተው አጭሯን የጠረጴዛ መብራት ብቻ ያበሩና ካልጋቸው ሥር ካለው ካርቶን አንድ ፖም ያወጣሉ። ከዚያ መላጥ ይጀምራሉ፤ ልጣጩ እንደ ሪባን እየተጠቀለለ ይወርዳል፣ ተረቱም አብሮት ይወርዳል። ሕጉ አንድ ነው፦ ልጣጩ ሳይበጠስ ካለቀ ተረቱ እውነት ነው። የሳቸው ልጣጭ ደግሞ ተበጥሶ አያውቅም! ሲያልቅ ግማሹን ሂተሩ ላይ ያሰጡታል፣ ግማሹን ለኔ ይሸልሙኛል። ያንን ልጣጭ አንገቴ ላይ አድርጌ ስሄድ ንግሥት የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ተረቶቻቸው ብዙ ነበሩ፤ የጅብ፣ የጦጣ፣ የቀይ ባሕር ዓሣ አጥማጆች። እኔ ግን የምጠይቃቸው አንዱን ነው። «የንጉሡን መንደር!» እላለሁ ገና ሳልቀመጥ።

«ትናንት ሰምተሽው የለ?»

«ትናንትና ነዋ!»

ጉሮሯቸውን ይጠርጉና ይጀምራሉ። «በእንግሊዝ አገር ሳንድሪንግሃም የምትባል መንደር አለች። መንደር ናት እንግዲህ፣ ከተማ እንዳትመስልሽ። ሜዳ፣ ነፋስ፣ ማሳ፣ ወዲያ ማዶ ባሕር። ቤቶቿ ልክ እንደተጋገረ ድፎ ዳቦ ቡናማ ናቸው። ንጉሡ ዋናው ከተማ ላይ ቤተ መንግሥት አላቸው፣ ወታደር አለ፣ ጥሩምባ አለ። ግን ለገና ባቡር ተሳፍረው ወደዚያች መንደር ይመጣሉ። ለምን? ንጉሥም ሰው ነው፣ ጫማውን የሚያወልቅበት ቤት ይፈልጋል።»

እዚህ ላይ ቆም ብለው ያዩኛል፤ እኔም ጫማዬን አወልቃለሁ። የተረቱ ደንብ ነበር።

«ንጉሡ ታዲያ ወፍ ማደን ነፍሳቸው ነው። በብርዱ ወራት ደግሞ እንደዚሁ እንደኛ አገር፣ እንደ ካልጋሪ፣ ቀኑ ቶሎ ይመሻል። አደኑ ሳያልቅ ጀምበሯ ታመልጣቸዋለች። ተናደዱ! ጀምበሯን እንዳያዙ አትታዘዝም። ምን ያድርጉ? ሰዓቱን አዘዙት። በዚህ ግቢ ያለ ሰዓት ሁሉ ግማሽ ሰዓት ይቅደም አሉ። ቀደመ! ሰው ሁሉ ሳይነጋ ተነሳ፣ አደኑ ብርሃን ሳለ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ባቡሩ የሚመጣው በአገሩ ሰዓት፣ እራቱ የሚቀርበው በንጉሡ ሰዓት ሆነ። የመንደሩ ሰው ሲቀጣጠር ‘በማን ሰዓት?’ ይባባላል።»

«እኛስ ጋሼ?»

«እኛማ! እሳቸው ግማሽ ሰዓት ቢቀድሙ ጉድ ተባለ። እኛ በሐበሻ ሰዓት ስድስት ሰዓት ሙሉ ወደ ኋላ ቀርተን ማን ምን አለን?»

ይሄን ሲሉ ሁሌም እንደ አዲስ እስቃለሁ። እሳቸው ግን አይስቁም፤ የቢላውን እጀታ ከዓይናቸው ሥር ያስደግፉና «ያንን ሰዓት በዚህ ዓይኔ አይቼዋለሁ» ብለው ይጨርሳሉ። ወጣት ሳሉ መርከብ ላይ ሠርተው፣ ከመርከብ ወርደው እዚያው መንደር ፖም ለቃሚ ነበሩ። «ግማሽ ሰዓት ይቀድማል። የለቀማው ወራት እስኪያልቅ የተነሳሁት በሱ ነው።» ልጣጩም ሳይበጠስ ያልቃል።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልምጣ፤ ብዞር ብዞር የማላመልጠው እሱን ነው።

አሥር ዓመቴ ነበር። ከትምህርት ቤታችን ላይብረሪ ስለ እንግሊዝ ነገሥታት ቤቶች የሚያወራ፣ ሥዕል የሞላበት መጽሐፍ አገኘሁ። ልቤ ዘለለ፤ ሳንድሪንግሃም አለ! ቡናማው ቤት አለ! የሰዓቱም ነገር አለ። ወደ ታች ሳነብ ግን ሌላ ነገር መጣ። ያ ልማድ አዲስ ንጉሥ ሲነግሥ ቀርቷል፣ ሰዓቶቹ ሁሉ ተስተካክለዋል ይላል። ዓመተ ምሕረቱን ቆጠርኩ። ጋሼ ክፍሎም ያኔ ገና አልተወለዱም። እንግዲህ በምን ዓይናቸው ነው ያዩት?

መጽሐፉን ተውሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እዚህ ላይ ነው ራሴን የማልምረው፤ አልጠየቅኳቸውም። ሁለት ሳምንት ሙሉ እየወረድኩ ተረቱን ሰማሁ፣ ልጣጩንም ተሸለምኩ፣ መጽሐፉም በሄድኩበት ከማልለየው ቦርሳዬ አልወጣም። «ጋሼ፣ ይሄ እንዴት ነው?» ብል አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ምስጢር መያዙ ጣፈጠኝ መሰለኝ።

በዚያው ሰሞን ቸርቻችን የአማርኛ ቀን አዘጋጀ። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ የአንድ የፈረንጆች ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተከራይተን ነው የምናመልከው። ልጆቹ ቋንቋቸውን ረስተው ወላጅ ተጨንቆ ነበርና፣ አንድ ቅዳሜ አዋቂ ሰው ተጋብዞ በአማርኛ ተረት እንዲያወራልን ተባለ። እናቴ ማንን ታምጣ? ጋሼ ክፍሎምን። እሳቸው ኦርቶዶክስ ናቸው፣ እኛ ቸርች ደርሰው አያውቁም። ግን ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ ጫማቸውን እንደ መስተዋት ወልውለው፣ ፖም በፌስታል ይዘው መጡ። ሲገቡ ከሩቅ ጠቀሱኝ። እኔ ምንጣፉ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጬ ነበር።

የጅቡን ወይ የጦጣዋን ያወራሉ ብዬ ነበር የጠበቅኩት። እሳቸው ፖሟን አወጡና «በእንግሊዝ አገር ሳንድሪንግሃም የምትባል መንደር አለች» አሉ።

የኔን ተረት! ሠላሳ ልጅ አፉን ከፍቶ ይሰማል፤ አማርኛ የማይሰማው ሁሉ እጃቸውን እያየ ይስቃል። ንጉሡ ጫማ የሚያወልቁበት ጋ ሲደርሱ ከኋላዬ ያለችው ቤቲ የምትባል ልጅ ጫማዋን አወለቀች፣ ሌሎቹም ተከተሏት። ወላጆች በሳቅ ፈነዱ። ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርተን ያሉ ጊዜማ አዳራሹ ጮኸ። ልጣጩ ሳይበጠስ አለቀ። ጋሼ ዙሪያውን አዩና ለቤቲ ሰጧት።

ለቤቲ! «አፕል»ን እንኳን በአማርኛ መመለስ ለማትችለው ለቤቲ!

እጄን አወጣሁ። ትምህርት ቤት እንደዚያ ነዋ የተማርነው፤ እጅህን አውጣ፣ ስህተት ካለ ተናገር፣ ማስረጃህን አምጣ፣ ይጨበጨብልሃል። ጋሼ ፈገግ ብለው «ይሄው፣ ተማሪዬ ጥያቄ አላት» አሉ ለሰዉ። ተማሪዬ ሲሉ ድምፃቸው ላይ የነበረውን ኩራት አሁንም እሰማዋለሁ።

ተነስቼ መጽሐፉን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ያንን ገጽ በእንግሊዝኛ አንቆረቆርኩት፤ አንደበቴ እንደዚያን ዕለት ቀንቶኝ አያውቅም። ከዚያ ወደ አማርኛ መለስኩና፣ እሳቸው ራሳቸው ባስተማሩኝ ቃል ሳይበላ በሚነገረው አማርኛ «ስለዚህ ጋሼ ክፍሎም ሰዓቱን ሊያዩት አይችሉም። ውሸት ነው» አልኩ።

አንዱ አባት «ወይ ጎበዝ! እንግሊዝኛዋን ሰማችኋት?» አለ። አጨበጨቡ። አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ። ወላጆቻችን እንደዚያ ነበሩ፤ አውቶቡስ ላይ ሹፌሩ ሲያናግራቸው የሚደነግጡ ሰዎች፣ የኛ ልጅ እንደ ፈረንጅ ስታነብ ሌላ ነገር አልታያቸውም። ፓስተሩም ራሴን ዳብሶ «ተባረኪ» አለኝ። ልጆቹ የሳቁት ግን በጋሼ ነው፤ ሕፃን ይሄ አይጠፋውም።

ጋሼ ክፍሎም አፋቸውን ከፈት አደረጉ። ሊናገሩ ነው ብዬ ጠበቅኩ። እኔን አዩኝ፣ የሚያጨበጭበውን ሰው አዩ። ከዚያ ቢላቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና እሳቸውም አጨበጨቡ።

እውነት ፈልጌ አልነበረም። ቀንቼ ነው። እውነት የፈለገ ሰው ቤዝመንት ወርዶ ይጠይቃል።

ከዚያ በኋላ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሰኞ ስወርድ «ደህና ዋልሽ ጓለይ» ብለው ፖም ላጡልኝ፤ መብራቱ ግን አልጠፋም፣ ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል። ልጣጩ ቁርጥርጥ ብሎ ሳህን ላይ ወደቀ። «የንጉሡን መንደር» ብላቸው «እሱስ ታረመ እኮ» አሉኝ፣ ያለ ምንም ቂም። የጦጣዋን ስል ደከመኝ አሉ። ፈርነሱ ግርርር ብሎ ተነስቶ ጠፋ፣ እኛም የአየር ሁኔታ ትንበያ አየን። በዓመቱ አባቴ ሥራ ቀይሮ እዚያው ካልጋሪ ውስጥ ወዳለው ዶቨር ሰፈር ተዛወርን። ስንለያይ በካርቶን ሙሉ ፖም ሰጡን። ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም፤ መጀመሪያ አፈርኩ፣ ቀጥሎ ትልቅ ልጅ ሆንኩ፣ ቀጥሎ ረሳሁት አልኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ እኔ ቅቤውንም አልሞከርኩም።

ባለፈው ኅዳር እናቴ ደወለችልኝ። አሁን እዚያው ከተማ፣ ስካይቪው ራንች የሚባል ሰፈር ነው የምኖረው፣ ሰባት ዓመት የሆናት ናርዶስ የምትባል ልጅ አለችኝ። እናቴ ከዶቨር ንቅንቅ አላለችም፤ ጡረታ ወጥታ የሰው ሁሉ ወሬ እሷ ጋ ነው ያለው።

«ጋሼ ክፍሎምን የአረጋውያን ሆም አስገቧቸው አሉ» አለችኝ። «ዘጠና ሊሞላቸው ነው። አልፎ አልፎ ይረሳሉ አሉ። ሄደሽ ጠይቂያቸው እንጂ፣ አሳድገውሻል።»

«አፍራለሁ እማዬ።»

«ምን ያሳፍርሻል?»

ነገርኳት። ታስታውሰዋለች ብዬ አላሰብኩም።

«ያን ቀን» አለች፣ «አንቺ ከቤቲ እናት ጋር ፒዛ ልትበሉ ሄዳችሁ። እሳቸውን እኔ ነኝ ወደ ቤት የመለስኳቸው። መኪና ውስጥ ነገሩኝ።»

«ምን ነገሩሽ?»

«እንግሊዝ አገር ያከራየቻቸውን ሴትዮ ነገር። እዚያ የንጉሡ መንደር ፖም ሲለቅሙ አንዲት ባልቴት ቤት ነበር የሚያድሩት። አባቷ የንጉሡን ቤት ሰዓቶች እየዞረ የሚሞላ ሰው ነበር። አዲሱ ንጉሥ አስተካክሉ ሲል ሰውየው ሁሉንም በገዛ እጁ መለሳቸው። ቤቱ ያለችውን አንዷን ግን አልነካትም፤ ልጅቷም አባቷ ከሞተ በኋላ አልነካችውም። ኩሽናዋ ውስጥ ግማሽ ሰዓት እየቀደመች ትሄዳለች። ጋሼ ያዩት ያንን ነው። ለልጅ ሲያወሩት ንጉሡን ብቻ ይዘው ሴትዮዋን ዘለሏት፤ ልጅ ንጉሥ ይወዳል ብለው።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። «ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገሩም? አፋቸውን ከፍተው ነበር እኮ፣ አይቻቸዋለሁ!»

«እኔም ጠየቅኳቸው። ‘ሰው እያጨበጨበላት እንዴት አድርጌ? በሰው ፊት ታፍርብኝ?’ አሉኝ። ላንቺም እንዳልነግርሽ አስማሉኝ። እኛ አንምልም ብላቸው፣ ‘እንግዲያውስ ቃል ግቢልኝ’ አሉ። ገባሁ።» አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማኋት። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይሄኛው ግን ብዙ አደረ ልጄ።»

በማግስቱ ናርዶስን ይዤ ሄድኩ። ፖም ገዛሁ፣ ከቤትም ትንሿን ቢላ በፎጣ ጠቅልዬ ያዝኩ። መኪና እየነዳሁ የምለውን አጠና ነበር፦ ጋሼ፣ ማርታ ነኝ፤ ጋሼ፣ የሴትዮዋን ሰዓት ሰማሁ፤ ጋሼ፣ ይቅር በሉኝ። ናርዶስ ከኋላ ሆና «ማሚ፣ ሁ አር ዩ ቶኪንግ ቱ?» ትለኛለች።

መስኮት ዳር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሹራባቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል። ከውጭ በረዶው ሰማያዊ መሆን ጀምሯል። ጎንበስ ብዬ ትከሻቸውን ሳምኳቸው፤ «እንኳን ደህና መጣችሁ» አሉን፣ ለማንኛውም እንግዳ እንደሚባለው። አላወቁኝም።

«ጋሼ፣ ማርታ ነኝ። የማርልቦሮዋ።»

«ማርታ። ጥሩ ስም ነው» አሉ።

ምን ላድርግ? ፖሟን አወጣሁና መላጥ ጀመርኩ። ዓይናቸው ቢላው ላይ ተተከለ። ድፍረት አገኘሁ። «ጋሼ፣ የንጉሡን መንደር ለልጄ ያወሩላታል? ግማሽ ሰዓት የሚቀድመውን ሰዓት?»

ፊታቸው በራ፤ አንድ አፍታ ብቻ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱን አላወራም። ውሸት ሆኖ ተገኘ።»

«ማነው ያለው?»

«አንዲት ልጅ ነበረችኝ» አሉ። ነበረችኝ ነው ያሉት። «ጎበዝ! እንዲህ ያለች ጎበዝ አታገኚም። አማርኛውን እንደ ውሃ፣ እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ። እሷ መጽሐፍ አንብባ አገኘችው። በሰው ሁሉ ፊት ቆማ አነበበች፣ ተጨበጨበላት። እሷ ውሸት ነው ካለች ውሸት ነው።»

ልጣጩ ተበጠሰ። ናርዶስ «ተበጠሰ!» ብላ ከመሬት አነሳችው።

«ቢላው ዶልዱሞ ነው» አሉ ጋሼ ቶሎ ብለው፣ እጄን እያዩ።

«የሴትዮዋስ ሰዓት ጋሼ?» አልኳቸው። «ያከራየችዎት ሴትዮ። ኩሽናዋ ውስጥ ያለው።»

«የቷ ሴትዮ?»

ግንባራቸውን ቋጠሩ፣ ፈለጉ፣ አላገኙም። ሴትዮዋ የለችም። ኩሽናዋ፣ አባቷ፣ ማለዳ ማለዳ የቀሰቀሳቸው ሰዓት፣ ሁሉም ጠፍቷል። የቀረው የኔ እርማት ብቻ ነው።

ስለዚህ እኔ አወራሁላቸው። በእንግሊዝ አገር ሳንድሪንግሃም የምትባል መንደር አለች ብዬ ጀመርኩ፤ ንጉሡ ጫማቸውን ሲያወልቁ ናርዶስ ጫማዋን አወለቀች። ባሕሩን፣ ዳቦ የሚመስሉትን ቤቶች፣ ያልታዘዘችውን ጀምበር። ከዚያ እሳቸው የዘለሏትን ሴትዮ ከነአባቷ አስገባኋት። አዲሱ ንጉሥ ሰዓቱን ሁሉ ሲያስተካክል አንዷ እንደቀደመች ቀረች፣ ከመርከብ የወረደ አንድ የአስመራ ወጣትም በዚህ ዓይኑ አያት፣ አልኩ። ልጣጩ አራት ቦታ ተበጥሷል።

«ኢዝ ኢት... እውነት ነው ማሚ?» አለች ናርዶስ።

«እውነት ነው። እሳቸው እዚያ ነበሩ።»

ጋሼ ክፍሎም ወደፊት አዘነበሉ። «እንግዲህ ልጅቷ ተሳስታ ነበር ማለት ነው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ። ተሳስታ ነበር። በጣም ነው የተሳሳተችው። ይቅርታም አልጠየቀችዎትም።»

እጃቸውን ዘርግተው ክንዴን ያዙኝ። እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር። ወደ በሩ ተመለከቱ፣ ሰው እንዳይሰማ ነው፣ ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ።

«አደራሽን» አሉኝ። «እንዳትነግሪያት። ታፍራለች።»

ማርታ ነኝ፣ እኔ ነኝ ልላቸው አልቻልኩም። «እሺ ጋሼ» አልኳቸው። «አልነግራትም።»

አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ እንሄዳለን፤ ሲደክማቸው ቶሎ እንመለሳለን። ከዚያ ቤዝመንት የቀረልኝ ምንድን ነው ብዬ ሳስብ፣ ይሄ የምጽፍበት አማርኛ ራሱ የሳቸው ነው፤ በፖም የከፈሉበት። ሰው ልጅነቱን ሲያስታውስ የተሰጠውን ይቆጥራል፣ እኔ የተሸፈነልኝን ነው የማስበው። ናርዶስ ደግሞ ማታ ማታ «የንጉሡን መንደር» ትለኛለች፣ ገና ሳልቀመጥ። አወራላታለሁ። አንዲት ጎበዝ ልጅ መጽሐፍ ይዛ ተነሳች የምለው ጋ ስደርስ «ከዛስ? ከዛስ ምን አለች?» ትላለች። እስካሁን ያቺ ልጅ እኔ መሆኔን አልነገርኳትም፤ ፖሜን መላጤን እቀጥላለሁ።